ዳይክሎፌናክ ሶዲየም ወይስ ፖታሲየም? ስማቸው ተመሳስሎ ሆድ ውስጥ የሚለያዩ መድኃኒቶች

ባለፈው ሰሞን ማታ ልንዘጋ ስንል አንድ ሰውዬ ጉንጩን ይዞ ገባ። ጥርስ ነው፤ መጠየቅም አያስፈልግም። ዳይክሎፌናክ ከሚባለው የሕመም ማስታገሻ ሁለት ዓይነት አውጥቼ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩለት። ሁለቱም 50 ሚሊግራም። አንዱ ላይ ሶዲየም ተጽፏል፣ ሌላው ላይ ፖታሲየም። አየት አየት አደረጋቸውና «ጠንካራው የቱ ነው?» አለኝ።

«እኩል ናቸው» አልኩት። «አንዱ ግን ቶሎ ይደርሳል።»

የምሠራባት መድኃኒት ቤት ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ጥቁር አንበሳ ቁልቁል ስትወርዱ ከዋናው መንገድ ገባ ያለች ትንሽ ቤት ናት። ቀኑን ሙሉ የምሰማው ጥያቄ ያው ነው። ጠንካራው የቱ ነው፣ የውጭው ይሻላል ወይ፣ መርፌ የለውም ወይ። ማንም የማይጠይቀኝ፣ ብጠየቅ ግን ደስ የሚለኝ፣ ኪኒኑ ከተዋጠ በኋላ የት እንደሚሟሟና ከምን ጋር እንደሚጣላ ነው። ከሁለት ተመሳሳይ መድኃኒቶች አንዱን ስትመርጡ ከዋጋው በፊት ይሄን እዩ ባይ ነኝ።

ሰው ለሁለት ጌታ አይገዛም ይባላል። የምንውጠው መድኃኒት ግን ግድ ነው፣ ይገዛል። መጀመሪያ ሆድ ውስጥ ባለው ውሃ መሟሟት አለበት፤ ካልተሟሟ እንደገባ ይወጣል። ከተሟሟ በኋላ ደግሞ የአንጀትን ግድግዳ ማለፍ አለበት፣ የግድግዳው ሴሎች የለበሱት ስስ ሽፋን ደግሞ ስብ ስለሆነ ከስብ ጋር የማይስማማ ነገር በቀላሉ አያልፍም። ውሃ ብቻ የሚወድ ሞለኪውል በሩ ላይ ይቀራል። ስብ ብቻ የሚወደው መጀመሪያውኑ አይሟሟም። እነዚህን ሁለቱን ለማስታረቅ ነው እንግዲህ ኬሚስቶች ጨው የሚያደርጉት፣ ሽፋን የሚያለብሱት፣ አንዳንዴም ሞለኪውሉ ላይ አንዲት ትንሽ ነገር ቀጥለው ሌላ መድኃኒት የሚያወጡት።

ወደ ጥርሱ ሰውዬ እንመለስ። ዳይክሎፌናክ ደካማ አሲድ ነው። ጨጓራ ውስጥ ያለውም አሲድ ነው፣ እዚያ ደግሞ እንደልቡ አይሟሟም። ስለዚህ ከሶዲየም ወይም ከፖታሲየም ጋር አጣምረው ጨው ያደርጉታል። (የወጥ ጨው ማለቴ አይደለም፤ ኬሚስቶች አሲድና ቤዝ ሲጋቡ የሚወለደውን ሁሉ ጨው ነው የሚሉት።) ብዙ ሰው ፖታሲየሙ ለብቻው የተለየ ጉልበት ያለው ይመስለዋል። ቶሎ መሟሟቱ እውነት ነው፤ ትልቁን ልዩነት የሚያመጣው ግን የኪኒኑ ልብስ ነው። የሶዲየሙ ኪኒን አብዛኛውን ጊዜ አሲድ የማይበግረው ሽፋን ለብሶ ይመጣል። ፓኬቱ ላይ «ኢንተሪክ ኮትድ» ወይም «ጋስትሮ ሬዚስታንት» ይላል። ይሄ ሽፋን ጨጓራ ውስጥ ተዘግቶ ይቆይና አሲዱ ቀለል ወደሚልበት ወደ ትንሹ አንጀት ሲያልፍ ይከፈታል። ስለዚህ በባዶ ሆድ እንኳን ብትወስዱት ደም ውስጥ ጫፍ እስኪደርስ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይፈጃል። ጥብስ በልታችሁ ከሆነማ ጨጓራችሁ ምግቡን እስኪሸኝ አብሮ ይጠብቃል። ፖታሲየሙ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ይደርሳል።

ስለዚህ ጥርስ፣ የወር አበባ ቁርጠት፣ ድንገት የመጣ ሕመም ከሆነ ፖታሲየሙን እመርጣለሁ። ሐኪም ለመገጣጠሚያ በየቀኑ እንዲወሰድ ካዘዘው ሶዲየሙ ይበቃል፤ እዚያ ላይ የአንድ ሰዓት መቅደም መዘግየት ለውጥ የለውም። ቁርጭምጭሚት ወለም ካላችሁ ደግሞ ሁለቱንም ተዉትና ቅባቱን ውሰዱ። በቆዳ በኩል ወደ ደም የሚገባው ኪኒኑ ከሚያስገባው 6 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፣ የሚፈለገው ግን ቁርጭምጭሚቱ ላይ ስለሆነ ያ ጉድለት ሳይሆን ጥቅም ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። በዚህ ከተማ ጨጓራ የሌለበት ሰው ማግኘት ከባድ ነው መሰለኝ፣ ቢያንስ «ጨጓራ አለብኝ» የማይል። እና ብዙዎቹ «ሽፋን ያለውን ስጠኝ፣ ጨጓራዬን እንዳይነካ» ይሉኛል። ሽፋኑ ኪኒኑ ጨጓራ ላይ ተቀምጦ እንዳያቃጥል ያደርጋል እንጂ ሌላ ዋስትና የለውም። ዳይክሎፌናክ ጨጓራን በዋናነት የሚጎዳው ደም ውስጥ ከገባ በኋላ፣ የጨጓራን ግድግዳ የሚጠብቁትን ንጥረ ነገሮች ምርት ስለሚቀንስ ነው። በመርፌ ብትወስዱትም ያው ነው። ቁስለት ካለባችሁ፣ ኩላሊት ወይም ልብ ካመማችሁ፣ ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ፣ ሶዲየም ፖታሲየም ሳትሉ መጀመሪያ ተናገሩ።

ጨጓራን ካነሳን ኦሜፕራዞልን መዝለል አይቻልም። ይሄኛው ደግሞ የሚገርም ነው። የአሲድ ማምረቻውን ሊዘጋ የተላከ መድኃኒት ራሱ አሲድ ካገኘው ይፈርሳል። ጨጓራን አልፎ አንጀት ገብቶ በደም ዞሮ በጓሮ በር ነው ተመልሶ የሚመጣው። ለዚህ ነው ካፕሱሉን ስትከፍቱት ዱቄት ሳይሆን ጥቃቅን እንክብሎች የምታገኙት፤ እያንዳንዷ የራሷ ሽፋን አላት። መዋጥ ያቃታቸው እናቶች ካፕሱሉን ከፍተው በማንኪያ ጀርባ ይደቁሱታል። ያ መድኃኒቱን ገድሎ መዋጥ ነው። ካስፈለገ እንክብሎቹን ትንሽ የፍራፍሬ ጁስ ውስጥ ነስንሶ (ማንኪያ የሚያቆመውን አቮካዶ አይደለም፣ ቀጠን ያለውን) ሳያኝኩ ወዲያው መዋጥ ይቻላል።

ከፈሳሹ የጨጓራ መድኃኒት ጋር ካወዳደራችሁት፣ ያ ነጩ ሽሮፕ አሲዱን እዚያው በደቂቃዎች ያረግበዋል፣ ቶሎም ያልቃል። ኦሜፕራዞል ቀስ ብሎ ይጀምርና ሥራው ከአንድ ቀን በላይ ይቆያል። አሁን እየተቃጠለ ላለ ሰው ሽሮፑ፣ በየሳምንቱ ለሚመላለስበት ኦሜፕራዞሉ። ኦሜፕራዞል ከቁርስ በፊት ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ነው የሚወሰደው፣ ምግብ ሲመጣ ነው የአሲድ ማምረቻዎቹ የሚነቁት። በጾም እስከ 9 ሰዓት የምትቆዩ ከሆነ ከንጋት ይልቅ 8 ሰዓት ወይም 8 ተኩል ላይ ይሻላችኋል። ውሃው ጾም ይገድፋል ወይ የሚለውን የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ፣ እኔን አታጣሉኝ።

አሁን ወደ መርፌ። «ኪኒን ለእኔ አይሠራም፣ መርፌ ነው የሚያሽለኝ» የሚል ሰው በቀን ሁለት ሦስት አላጣም። አንዳንዴ ልክ ነው፣ አንዳንዴ ገንዘቡንም ቂጡንም እየጎዳ ነው። የሚወስነው ሞለኪውሉ ነው። ጄንታማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ ውሃ ብቻ የሚወድ፣ ኤሌክትሪክ የተሸከመ ሞለኪውል ስለሆነ ቢዋጥ የአንጀትን ግድግዳ አያልፍም። ሴፍትሪያክሶንም እንደዚያው፣ ኪኒን የለውም። ኢንሱሊን ፕሮቲን ነው፤ ብትውጡት ሆድ እንደ ሥጋ ፈጭቶ ይበላዋል። ሜትሮኒዳዞል ግን፣ ያ አሜባና ጃርዲያ ሲይዘን የምንወስደው፣ ሲዋጥ ማለት ይቻላል ሙሉ በሙሉ ወደ ደም ይገባል። የማያስመልሰው፣ መዋጥ የሚችል ሰው በግሉኮስ መስመር ስለተሰጠው የሚያተርፈው ነገር የለም። ተኝቶ መታከሙ ይከብዳል፣ ቤተሰብ ይጨነቃል፣ መድኃኒቱ ግን ያው ነው።

ይሄን ነገር ከሁሉ አብልጦ የሚያሳየው የፔኒሲሊን ቤተሰብ ነው። ወንድማማቾች ናቸው፣ አጥንታቸው አንድ ነው፣ ጠባያቸው ግን አይገናኝም። ፍሌሚንግ በ1928 እንደ አውሮፓውያን ካገኘው የሚመጣው ፔኒሲሊን ጂ ጨጓራ ውስጥ በአሲድ ስለሚፈርስ በመርፌ ነው የሚሰጠው። ሐኪም ቤት ክሪስታላይን የምትሉት እሱ ነው። ውሃ ውስጥ ወዲያው ይሟሟል፣ ደም ውስጥ ቶሎ ከፍ ይላል፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ደግሞ ኩላሊት ጠርጎ ያወጣዋል። ለዚህ ነው በጽኑ የታመመ ሰው በየ4 ወይም በየ6 ሰዓቱ የሚወጋው። ይሄንኑ ፔኒሲሊን ጂ ቤንዛቲን ከሚባል ነገር ጋር አጣምሩት። አሁን የተገኘው ጨው ውሃ ውስጥ የማይሟሟ፣ ወተት የመሰለ ነጭ ፈሳሽ ነው። ጡንቻ ውስጥ ሲገባ እዚያው ተቀምጦ በጣም ቀስ እያለ ይሟሟል፣ ለሳምንታትም ወደ ደም ይንጠባጠባል። የልብ በር (ቫልቭ) በሩማቲክ ትኩሳት የተጎዳባቸው ልጆች በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚወጉት እሱን ነው። ሕመሙ ያሳዝናል፣ ልጆቹ ሲገቡ ፊታቸው ያስታውቃል፤ የሚያሳምማቸው ያው አለመሟሟቱ ነው፣ ወር የሚያቆያቸውም ግን እሱ ነው። በፍጹም ደም ሥር ውስጥ መግባት የለበትም፣ በዚያው አለመሟሟቱ የተነሳ ሊገድል ይችላል። ቤት ለቤት እየዞረ የሚወጋ ሰው ጠርታችሁ እንዳታስወጉ።

በየወሩ መርፌውን ከመወጋት ኪኒን ይቀይሩልኝ የሚል ካለ፣ አሲድ የሚቋቋም ወንድም አለ፣ ፔኒሲሊን ቪ። በቀን ሁለቴ ይዋጣል። በወረቀት ላይ ጥሩ አማራጭ ነው። ግን ለዓመታት፣ አንድ ቀን ሳይረሳ፣ በቀን ሁለቴ የሚውጥ የ12 ዓመት ልጅ እስኪ አሳዩኝ። እኔ መርፌውን እመርጥ ነበር። ውሳኔው የሐኪሙ ነው።

ከዚያው ቤተሰብ አምፒሲሊንና አሞክሳሲሊን አሉ። የሁለቱ ልዩነት አንድ ኦክስጅን ብቻ ነው፣ አሞክሳሲሊን ላይ የተቀጠለች አንዲት ጭራ። በቃ። ግን አምፒሲሊን ሲዋጥ ግማሹ እንኳን ወደ ደም አይገባም፣ ምግብ ካለ ደግሞ ይብስበታል። አሞክሳሲሊን ሦስት አራተኛውና ከዚያም በላይ ይገባል፣ በላችሁ አልበላችሁ ግድ የለውም። ያልገባው አምፒሲሊን የት ይሄዳል? አንጀት ውስጥ ቀርቶ ደጉንም ክፉውንም ባክቴሪያ ያጭዳል፣ ተቅማጡ የዚያ ነው። ስለዚህ የሚዋጥ አምፒሲሊን ከታዘዘላችሁ «በአሞክሳሲሊን ቢቀየር ይሆናል?» ብላችሁ ያዘዘውን ሰው መጠየቅ አያሳፍርም። ራሳችሁ ቀይሩ ግን አላልኩም። ያለ ማዘዣም አልሸጥላችሁም።

ሲፕሮና ዶክሲሳይክሊን ሌላ ጠባይ አላቸው። ከካልሲየም ጋር ሲገናኙ ተያይዘው የማይላቀቅ ጥንድ ይሆናሉ፣ ያ ጥንድ አንጀት አያልፍም። ፒያሳ ቁጭ ብሎ ሲፕሮውን በማኪያቶ የሚያወራርድ ሰው አይቻለሁ። ወንድሜ፣ ከከፈልክበት መድኃኒት ላይ ለወተቱ እያካፈልክ ነው። ነጩ የጨጓራ ሽሮፕም እንደዚያው ያደርጋቸዋል፤ ሲፕሮ ከሽሮፑ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ ይወሰድ። አሞክሳሲሊን በማኪያቶ? ችግር የለም።

የስብ ወዳጆቹን ቶሎ ልለፋቸው። የወባ መድኃኒቱ ኮአርተም ውስጥ ያለው ሉሜፋንትሪን ስብ ካላገኘ አይንቀሳቀስም። በጤነኛ ሰዎች ላይ ሲለካ ስብ ከበዛበት ምግብ ጋር ሲወሰድ ወደ ደም የገባው በባዶ ሆድ ከገባው 16 እጥፍ ነበር። አዲስ አበባ ከፍታዋ ስለሚጠብቃት እዚህ ወባ ብዙም አናውቅም፣ ከአርባ ምንጭ ወይ ከጋምቤላ ይዘውት የሚመጡ ግን አሉ፣ ጾም ላይ ሲሆን ደግሞ በሻይ ይውጡታል። ወተትና ቅቤ ካልተቻለ ዳቦ በለውዝ ቅቤ በቂ ነው።

ተቃራኒው ደግሞ የኮሶ መድኃኒት ነው። ክትፎ ለብ ለብ ካላለ፣ ጥሬ ካልሆነ የማይጥመን ሕዝብ ስለሆንን ይሄን ማወቅ አለብን። ኒክሎሳማይድ ወደ ደም ብዙም አይገባም፣ ጥሩነቱም እዚያው ላይ ነው፤ ትሉ ያለው አንጀት ውስጥ ስለሆነ መድኃኒቱ እዚያው ቀርቶ ይጨርሰዋል። ግን ታኝኩት ዘንድ ግድ ነው፣ በደንብ፣ ድፍኑን የዋጠው ሰው ኪኒኑንም ትሉንም ይዞ ይኖራል። ፕራዚኳንቴል ግን ከምግብ ጋር ተውጦ ደም ውስጥ ይገባል። ቢልሃርዚያ ያለው ደም ሥር ውስጥ ስለሆነ ለሱ የሚሆነው ይሄ ነው፣ ለኮሶም ይሠራል።

ካልሲየም ለአጥንት ለምትወስዱ፦ ካርቦኔቱ ርካሽ ነው፣ ለመሟሟት ግን አሲድ ስለሚፈልግ ከምግብ ጋር ይሁን። ሲትሬቱ በማንኛውም ሰዓት ይሆናል። ኦሜፕራዞል የምትወስዱ ከሆነ አሲዳችሁን ዘግታችሁታልና ሲትሬቱን ፈልጉ።

መጨረሻ ያስቀመጥኩት ብረት ነው፣ ምክንያቱም እናቴ አለችበት። ደም አነሰሽ ተብላ ብረት ታዘዘላት፣ ለሁለት ወር ያለማቋረጥ ወሰደች፣ ስትመረመር ፈቀቅ አላለም። «የሰጠኸኝ መድኃኒት የማይረባ ነው» አለችኝ፣ በጎረቤት ፊት። አንድ ቅዳሜ ቤት ሄጄ ቁጭ ብዬ አየኋት። ቡና ተፈልቷል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ አቦሉ ተቀዳ። ከመሶቡ ሥር የላስቲክ ከረጢቷን ሳብ አደረገች፣ ኪኒኗን አወጣች፣ በአቦል ዋጠችው። ቶናውን ደገመች። በረካውንም አላስቀረችም።

ቡናና ሻይ ውስጥ ያሉት ፖሊፌኖል የሚባሉ ነገሮች ብረትን አንጀት ውስጥ ጥፍር አድርገው ይይዙታል። ሁለት ወር ሙሉ ብረቱን ለቡናው ነው ስታጠጣው የከረመችው።

ብረት ስትመርጡ የሚሊግራሙ ቁጥር እንዳያታልላችሁ። ፌረስ ሰልፌት 300 ሚሊግራም ካለ ንጹሕ ብረቱ 60 ገደማ ነው። ፌረስ ፉማሬት 200 ሲል 65 አለው። ፌረስ ግሉኮኔት 300 ሲል ግን 35 ብቻ። ሰው «ግሉኮኔቱ ሆዴን አይቆርጠኝም» ይላል፣ እውነቱን ነው፣ ብረቱም ግማሽ ስለሆነ ነው። ሰልፌቱ ርካሹም ደህናውም ነው ባይ ነኝ፤ ካልቻላችሁ መጠኑን ከሐኪም ጋር መቀነስ ይቀድማል። «ፌሪክ» የሚሉት፣ ከስኳር ጋር የታሰረው ሽሮፕ፣ ለሆድ ይመቻል፣ ከምግብ ጋርም ይሆናል፣ ግን ደም ሲያነሳ ቀርፋፋ ነው፤ ሰውነታችን በቀላሉ የሚያስገባው ፌረሱን ነው። ሽፋን የለበሰውን ወይም ቀስ ብሎ የሚለቀውን ውድ ብረት ደግሞ አልመክርም። ብረት በዋናነት የሚገባው በአንጀት መጀመሪያ ላይ ነው፣ ሽፋኑ ሲከፈት ያ ፌርማታ አልፏል። ለኦሜፕራዞል የጠቀመው ልብስ እዚህ ዕዳ ሆነ ማለት ነው። ደግሞ ዛሬ ብረት ስትወስዱ ሰውነት በሩን ለአንድ ቀን ገደማ ጠበብ ያደርገዋል፣ ስለዚህ አንዳንድ ሐኪሞች በየሁለት ቀኑ ያዛሉ። ነፍሰ ጡሮች ግን ክሊኒክ የተሰጣችሁን፣ 60 ሚሊግራም ከፎሊክ አሲድ ጋር ያለውን፣ በተባላችሁት መሠረት በየቀኑ ውሰዱ።

እናቴን ቡና ተዪ ማለት አይታሰብም፤ ሞክሬው አላውቅም፣ አልሞክርምም። ኪኒኑን ወደ መኝታ ሰዓት አዛወርንላት፣ ከእራት ሁለት ሰዓት በኋላ፣ በግማሽ ብርቱካን። በሦስተኛው ቀን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ስልኬ ጮኸ። ሰገራዋ ጠቁሯል፣ መርዝ ነው የሰጠኸኝ። አይዞሽ አልኳት፣ ብረቱ ነው፣ ያልገባው ትርፉ ነው የሚያጠቁረው። ከዚያ ግን ብድግ ብዬ ተቀመጥኩና ጠየቅኳት፦ «ለጉልበትሽ ያን የጎረቤትሽን ዳይክሎፌናክ እየወሰድሽ ነው እንዴ?» ብረት ያጠቆረው ሰገራ ጠጠር ያለ ነው። እንደ ሬንጅ የሚጣበቅና ሽታው የሚለይ ከሆነ ግን ጨጓራ እየደማ ሊሆን ይችላል፣ ንጋትን ሳይጠብቁ ሐኪም ቤት ነው። እየወሰደች አልነበረም። «ተኛ በል» አለችኝና ዘጋችው።